ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮህ ውሻ አንግዛ
የፋብሪካ ማስጠንቀቂያ ድምፅ በዋጋ ብቻ አይመረጥም

አንድ ባለሀብት ለፋብሪካው ማሽን ሲገዛ ብዙ ይደክማል። ከሦስትና ከአራት ቦታ ፕሮፎርማ ያሰባስባል፣ የሞተሩን ጉልበት ይጠይቃል፣ የፓነል ቦርዱ ብሬከርና ኮንታክተር የማን ሥሪት እንደሆነ ያስመረምራል፣ በኤልሲ ጉዳይ ከባንክ ጋር ይመላለሳል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ በዕቃ ዝርዝሩ ግርጌ «ባዘር፣ 1 ፍሬ» የምትል መስመር ትቀራለች። እሷን ማንም ልብ ብሎ አያነባትም። ኤሌክትሪሺያኑ ወደ መርካቶ ይላካል፤ ያገኘውን ይዞ ይመለሳል፤ ፓነሉ ተበስቶ ይገጠማል። ሲሞከር ስለጮኸ ብቻ ርክክቡ ተፈጸመ ይባላል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ይህች የመጨረሻ መስመር ከዋጋዋ ጋር ጨርሶ የማይመጣጠን ኃላፊነት ተሸክማለች የሚል ነው። ማሽኑ ሲታመም መናገር የሚችለው በእሷ በኩል ብቻ ነው። እሷ ካልተሰማች በሚሊዮን የሚቆጠር ብር የወጣበት ንብረት፣ ከዚያም በላይ አጠገቡ የቆመው ሠራተኛ ዕድል ላይ ተጥሏል ማለት ነው። አባቶች «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። በገበያችን የሚሸጠውና የሚገዛው ማስጠንቀቂያ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ውሻ የሚሆነው ዕቃው መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ሻጩም ገዢውም መጠየቅ የሚገባውን ስለማይጠይቅ ነው።

ጉዳዩ የኪስም የነፍስም ነው

ጥቂት ምሳሌዎችን እንይ። በሆቴል የልብስ ንጽሕና ክፍል፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ወይም በወተት ማቀነባበሪያ የሚሠራ ቦይለር ውኃው ከሚገባው ደረጃ ሲወርድ ቱቦዎቹ ያለ ውኃ መጋል ይጀምራሉ። በዚህ ጊዜ አስቀድሞ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ካለ ኦፕሬተሩ ፓምፑን አይቶ፣ እሳቱን አጥፍቶ ነገሩን ሳይቃጠል በቅጠል ይለዋል። ማስጠንቀቂያው ካልተሰማና ማቋረጫው መሣሪያም ከተበላሸ፣ በጋለው ብረት ላይ ድንገት የሚገባ ውኃ ወደ እንፋሎት የሚለወጥበት ፍጥነት ቦይለሩን ወደ ቦምብ ሊለውጠው ይችላል።

ሁለተኛው ምሳሌ የአበባና የወተት ማቀዝቀዣ ክፍል ነው። ኮምፕረሰሩ ሌሊት ቆሞ ዘበኛው ሳይሰማ ቢያድር፣ ጠዋት የሚገኘው ለኤክስፖርት የተዘጋጀ አበባ ሳይሆን የሚጣል አበባ ነው። ሦስተኛው ዝግ የዶሮ ቤት ነው። ማናፈሻዎቹ ሲቆሙ በሺዎች የሚቆጠሩ ዶሮዎች በአጭር ጊዜ ውስጥ በሙቀትና በአየር እጥረት ያልቃሉ። እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያው የሚያድነው ገንዘብ ማስጠንቀቂያው ከተገዛበት ገንዘብ ጋር ለንጽጽር እንኳ አይቀርብም።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው በረጅም የዕቃ ማጓጓዣ ቀበቶ ወይም በትልቅ ማደባለቂያ ላይ የሚሠራው ሰው ጉዳይ ነው። አንዱ ሠራተኛ ከማሽኑ ውስጥ ገብቶ ሲያጸዳ ሌላው ከሩቅ ሆኖ ማስነሻውን ሊጫን ይችላል። ስለዚህ ማሽኑ ከመነሳቱ ጥቂት ሰከንዶች አስቀድሞ መጮህ አለበት። ከዚህም ሌላ ጩኸቱ ሳይሰጥ ማሽኑ እንዳይነሳ ሆኖ መስመሩ መዘርጋት አለበት። ኦፕሬተሩ «ዛሬ ይለፈኝ» ሊለው የሚችለው ማስጠንቀቂያ ማስጠንቀቂያ አይደለም።

ይህ የመልካም ፈቃድ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ያስገድዳል። አደጋ ከደረሰ በኋላ «ባዘር ነበረ» ማለት ብቻውን መልስ ሊሆን አይችልም። የሚከተለው ጥያቄ «ሠራተኛው በቆመበት ቦታ ይሰማ ነበር ወይ?» የሚል ይሆናልና።

የዴሲቤል ንግድ

ገዢው ስለ ድምፅ ማወቅ ያለበት የመጀመሪያው ነገር የዴሲቤል ቁጥር ብቻውን ምንም እንደማይናገር ነው። «ይህኛው 90 ዴሲቤል ነው፣ ያኛው 85 ነው» ሲባል ቀጥሎ መምጣት ያለበት ጥያቄ «ከምን ያህል ርቀት ተለክቶ?» የሚለው ነው። በፓነል ላይ የሚገጠሙ አነስተኛ ባዘሮች የብዙዎቹ ድምፅ የሚለካው በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ነው። ትላልቆቹ ሆርኖችና ሳይረኖች ግን አብዛኛውን ጊዜ በ1 ሜትር ይለካሉ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር አንዱን ጨርቅ በክንድ ሌላውን በስንዝር ለክቶ ዋጋ እንደ መደራደር ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው? ክፍት በሆነ ቦታ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ርቀቱ 10 እጥፍ ሲሆን ደግሞ በ20 ይቀንሳል። ስለዚህ በ10 ሳንቲ ሜትር 90 ዴሲቤል የተባለው ባዘር በ1 ሜትር ላይ 70 ብቻ ነው። ኦፕሬተሩ 4 ሜትር ርቆ ከቆመ የሚደርሰው ወደ 58 ገደማ ይሆናል። ይህ ሁለት ሰዎች በዝግታ ሲነጋገሩ ከሚሰማው ድምፅ ብዙ የተለየ አይደለም።

ለትልቁም ቢሆን ሒሳቡ ያው ነው። በ1 ሜትር 100 ዴሲቤል የሚሰጥ ሆርን በ2 ሜትር 94፣ በ4 ሜትር 88፣ በ8 ሜትር 82፣ በ16 ሜትር 76 ይሆናል። በአዳራሽ ውስጥ ግድግዳውና ጣሪያው ድምፁን መልሰው ስለሚያስተጋቡ ቅነሳው በተወሰነ ደረጃ ይለዝባል። ነገር ግን በመካከል የተከመረ ጆንያ፣ የቆመ ማሽንና የተዘጋ በር ደግሞ የራሳቸውን ይወስዳሉ። በመሆኑም ነጋዴው በመደብሩ ውስጥ ባዘሩን በባትሪ ነካ አድርጎ ሲያስጮኸው ገዢው ጆሮውን ይዞ «ይበቃል፣ ይበቃል!» ቢልም አይታለል። መደብሩ ጸጥ ያለ ነው፤ ባዘሩም ከፊቱ ክንድ አይርቅም። ፋብሪካው እንዲህ አይደለም።

ሌላው የሚያሳስተው ነገር ዴሲቤል እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር የማይደመር መሆኑ ነው። አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ሆርኖች አንድ ቦታ ላይ ቢሰቀሉ ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለሰው ጆሮ ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ደግሞ 10 ዴሲቤል ገደማ መጨመር ያስፈልጋል። ስለዚህ «አንዱ ካልተሰማ ሌላ አንድ አጠገቡ ጨምርበት» የሚለው የተለመደ መፍትሔ ብር ማባከን ነው። ሁለተኛው ሆርን ሠራተኛው ወዳለበት፣ ወደ አዳራሹ ሌላኛው ጫፍ ቢሄድ ግን ሥራ ይሠራል።

ምን ያህል ይበቃል?

በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ቁጥር 7731 ተብሎ የሚታወቀው ደረጃ ለዚህ ግልጽ መመሪያ አለው። የአደጋ ማስጠንቀቂያ ድምፅ አድማጩ በቆመበት ቦታ ከ65 ዴሲቤል ማነስ የለበትም፤ በዚያ ቦታ ካለው የሥራ ጩኸት ደግሞ ቢያንስ በ15 ዴሲቤል መብለጥ አለበት። እንግዲህ ሒሳቡን ለራሳችን ፋብሪካ እናውለው። የወፍጮው ወይም የሽመና ማሽኑ ጩኸት 85 ዴሲቤል ከሆነ ማስጠንቀቂያው ከሠራተኛው ጆሮ ዘንድ በ100 መድረስ አለበት። ሠራተኛው 8 ሜትር ርቆ ከቆመ በ1 ሜትር 118 ዴሲቤል የሚሰጥ ሆርን ያስፈልጋል ማለት ነው። ለዚህ ሥራ በፓነል ላይ የምትገጠም የ22 ሚሊ ሜትር ባዘር መግዛት የቀበሌን ስብሰባ በሹክሹክታ እንደ መጥራት ነው።

«እንግዲያው ከሁሉ የሚጮኸውን ገዝቼ ልገላገል» የሚልም አይጠፋም። ይህም ራሱን የቻለ ስህተት ነው። ከሆርኑ ሥር የሚቀመጠው ሠራተኛ ጆሮ አለው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም በሚመክረው መሠረት አንድ ሰው በቀን ለ8 ሰዓት ሊቋቋመው የሚገባው ከፍተኛ ጩኸት 85 ዴሲቤል ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ እየቀነሰ ሄዶ በ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። ከዚህም በላይ ከመጠን ያለፈ ጩኸት ሰውን ያስደነግጠዋል እንጂ አያነቃውም። የደነገጠ ሰው ያልሆነ ቁልፍ ይጫናል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ፋብሪካ የገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ የሆርኑ አፍ በፕላስተር ይታሸጋል፣ ጨርቅ ይወተፍበታል፣ ወይም ሽቦው በጸጥታ ይነቀላል። ስለዚህ ለሰፊ አዳራሽ የተሻለው መንገድ አንድ አስፈሪ ሳይረን ከመሃል መስቀል ሳይሆን መጠነኛ የሆኑ ሦስትና አራት ሆርኖችን ሠራተኞች ባሉበት ማከፋፈል ነው። የሥራው ጩኸት ራሱ ወደ 100 ዴሲቤል ከተጠጋ ደግሞ ድምፅ ብቻውን አይበቃም፤ የሚሽከረከር ወይም ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አብሮት መገጠም አለበት።

የድምፁ ቅጥነትና ውፍረትም ሊታለፍ አይገባም። ርካሾቹ ፒዬዞ ባዘሮች በአብዛኛው በ3,000 ኸርዝ አካባቢ ያለ ቀጭን ድምፅ ይሰጣሉ። ለብዙ ዓመት በጩኸት ውስጥ የሠራ ሰው ጆሮው አስቀድሞ የሚደክመው ደግሞ ከ3,000 እስከ 6,000 ኸርዝ ባለው ክልል ነው። የጆሮ መከላከያ ያደረገ ሰውም ቢሆን መከላከያው ይበልጥ የሚያፍንበት ቀጭኑን ድምፅ ነው። እንግዲህ በፋብሪካው ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ልምድ ያለው አንጋፋ ኦፕሬተር ባዘሩን ላይሰማው ይችላል ማለት ነው። ማስጠንቀቂያው ከ1,500 ኸርዝ በታች የሆነ ወፈር ያለ ድምፅ ቢኖረው ይመረጣል። እንዲሁም አንድ ወጥ ሆኖ ከሚጮህ ይልቅ ከፍ ዝቅ የሚል ወይም የሚቆራረጥ ቢሆን ከማሽኑ ጩኸት ተለይቶ ይሰማል፤ ማሽኑ ራሱ አንድ ወጥ ሆኖ ይጮሃልና።

ድምፁ አንድ ትርጉም ይኑረው

በየሰፈራችን የዕድር ጥሩምባ ነፊ ንጋት ላይ ሲነፋ ሰው ሁሉ ከአልጋው ተነስቶ «ማን ሞተ?» ይላል። ጥሩምባው ከአውቶቡስ ክላክስ የበለጠ ስለሚጮህ አይደለም። ያ ድምፅ በዚያ ሰዓት አንድ ትርጉም ብቻ ስላለው ነው። በአንጻሩ የከተማችንን ታክሲ ክላክስ እንይ። ሾፌሩ ተሳፋሪ ለመጥራት፣ ጓደኛውን ሰላም ለማለት፣ የቆመውን ለማስነሳት፣ አደጋም ሲያይ ያንኑ ክላክስ ይነፋል። በዚህ ምክንያት እግረኛው ክላክስ ሰምቶ ዘወር አይልም። የብዙ ፋብሪካዎች ፓነል የዕድር ጥሩምባ ሊሆን ሲገባው የታክሲ ክላክስ ሆኗል። ጥሬ ዕቃ ሲያልቅ፣ ሙቀት ትንሽ ከፍ ሲል፣ በር ሲከፈት፣ ሞተር ሲቃጠል፣ ሁሉም በአንድ ባዘር «ጢጥ ጢጥ» ይላል። ኦፕሬተሩ የሚያውቀው አንድ ነገር ቢኖር ማጥፊያው ቁልፍ የት እንዳለ ነው።

በሀብትም በዕውቀትም የበለጸጉ አገሮች በዚህ ረገድ የከፈሉት ዋጋ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በማርች 28 ቀን 1979 በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ በሚገኘው የስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ አደጋ ሲደርስ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከ100 በላይ ማስጠንቀቂያዎች በአንድ ላይ ጮኹ። ኦፕሬተሮቹ ዋናውን ከተራው መለየት አልቻሉም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 24 ቀን 1994 በዌልስ ሚልፎርድ ሄቨን በነበረው የነዳጅ ማጣሪያ ፍንዳታ ከመድረሱ በፊት በነበሩት የመጨረሻ 11 ደቂቃዎች ሁለት ኦፕሬተሮች 275 ማስጠንቀቂያዎች ወርደውባቸው ነበር። በደቂቃ 25 ማለት ነው። በዚያ ፍጥነት አንብቦ፣ አስቦ፣ ወስኖ እርምጃ የሚወስድ ሰው የለም።

ተቃራኒውም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በማርች 23 ቀን 2005 በቴክሳስ ሲቲ የነዳጅ ማጣሪያ አንድ ማማ ከመጠን በላይ ሲሞላ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ቢጮህም ለመጠባበቂያ የተሠራው ሁለተኛው የከፍተኛ መጠን ማስጠንቀቂያ ሳይጮህ ቀረ። በተከተለው ፍንዳታ 15 ሰዎች ሞቱ፤ 180 ቆሰሉ። ከነዚህ ሁሉ የምንወስደው ትምህርት ሁለት ነው። የማስጠንቀቂያ ብዛት ደኅንነት አይደለም፤ ያልተፈተሸ ማስጠንቀቂያም እንደሌለ ይቆጠራል።

ለመካከለኛ ፋብሪካ ሦስት ደረጃ ይበቃል። አንደኛው መረጃ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ጥሬ ዕቃ ሊያልቅ ሲል። ለዚህ ድምፅ አያስፈልግም፣ መብራት ይበቃዋል። ሁለተኛው ያልተለመደ ሁኔታ ነው፤ ለዚህ ብጫ መብራትና የሚቆራረጥ ለስላሳ ባዘር። ሦስተኛው አደጋ ነው፤ ለዚህ ቀይ መብራትና ለሌላ ለምንም የማይውል ሆርን። አረንጓዴ ሁሉ ነገር ደኅና ነው ለሚለው ይቀመጥ። ይህ የቀለም ድልድል በዓለም አቀፉ የማሽኖች ኤሌክትሪክ ደረጃም የታወቀ ነው። ሕንጻውን ለቆ ለመውጣት የሚሰጠው ምልክት ከእነዚህ ሁሉ መለየት አለበት። ለዚህ በዓለም የታወቀው ሥርዓት ግማሽ ግማሽ ሰከንድ የሆኑ ሦስት ጩኸቶች፣ ከዚያ የአንድ ሰከንድ ተኩል ዝምታ፣ እንደገና ሦስት ጩኸት ነው።

ድምፅ ማጥፊያው ቁልፍ ድምፁን እንጂ መብራቱን እንዳያጠፋ ሆኖ መሠራት አለበት። መብራቱ የሚጠፋው ብልሽቱ ሲስተካከል ብቻ ነው። በመካከሉ ሌላ አዲስ ብልሽት ከመጣ ደግሞ ድምፁ እንደገና መነሳት አለበት። ይህን የሚያደርግ ሽቦ ዝርጋታ የአንድ ወይም የሁለት ሪሌይ ወጪ እንጂ የሀብት ጉዳይ አይደለም።

መብራት ሲጠፋስ?

በእኛ አገር ሁኔታ ከሁሉ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይህ ይመስለናል። በ220 ቮልት ከዋናው መስመር የሚሠራ ማስጠንቀቂያ መብራት ሲጠፋ እሱም አብሮ ዝም ይላል። ለማቀዝቀዣው ክፍልና ለዶሮው ቤት ደግሞ ትልቁ አደጋ የመብራቱ መጥፋት ራሱ ነው። እሳት ሲነሳ ቀድሞ እንደሚሸሽ ዘበኛ ማለት ነው። መፍትሔው በ24 ቮልት ዲሲ የሚሠራ ማስጠንቀቂያ ገዝቶ ከባትሪና ከቻርጀር ጋር ማገናኘት ነው። ሪሌዩም ኃይል ሲኖር ተስቦ የሚቆም፣ ኃይል ሲቋረጥ ወይም ሽቦ ሲበጠስ ተለቆ ማስጠንቀቂያውን የሚያስጮህ ሆኖ ይዘርጋ። እንዲህ ከሆነ አይጥ ሽቦውን ብትበላው እንኳ መበላቱ ይታወቃል።

ቮልቱ ተስማምቶ ዓይነቱ ሊለያይ ስለሚችል 24 ቮልት ዲሲና 24 ቮልት ኤሲ አንድ አለመሆናቸውን ሻጩ ለገዢው ሊነግረው ይገባል። ጠመዝማዛ ሽቦ ያለው ሆርን ወይም ደወል ሲጠፋ መልሶ የሚረጨው ከፍተኛ ቮልት የፒኤልሲውን መውጫ ሊያቃጥል ስለሚችል በዲሲ ከሆነ ዳዮድ፣ በኤሲ ከሆነ ማፈኛ ይገጠምለት። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ፒኤልሲውን በመካከል ሪሌይ ማስጠበቅ ነው። አንዳንድ ሆርንና የሞተር ሳይረን ያለማቋረጥ እንዲጮህ እንዳልተሠራም ይታወቅ። የሚፈቀድለት የጩኸት ጊዜ በጀርባው ወይም በመመሪያው ላይ ተጽፏል።

አቧራ፣ ውኃና ከፍታ

በማስጠንቀቂያ ዕቃ ላይ «አይፒ» የሚል ጽሑፍና ሁለት አኃዞች ይገኛሉ። የመጀመሪያው አኃዝ ስለ አቧራ፣ ሁለተኛው ስለ ውኃ ይናገራል። ለተዘጋና ደረቅ ለሆነ የኮንትሮል ክፍል አይፒ 40 ሊበቃ ይችላል። ለተራ የፋብሪካ አዳራሽ አይፒ 54፣ በውኃ እየተረጨ ለሚታጠብ የምግብና የመጠጥ ፋብሪካ ግን አይፒ 65 ወይም 66 ያስፈልጋል። የፓነሉ በር አይፒ 65 ሆኖ የባዘሩ ቀዳዳ አይፒ 40 ከሆነ ውኃና አቧራ የሚገባው በባዘሩ በኩል ነው። በእሷ ምክንያት ውድ የሆነው ፓነል ይበላሻል።

የዱቄት ፋብሪካ ባለቤቶች ልዩ ጥንቃቄ ያሻቸዋል። በአየር ላይ የተበተነ ዱቄት በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚገጠም ሆርን የፍንዳታ መከላከያ ማረጋገጫ ያለው መሆን አለበት፤ ካልሆነም ዱቄት ከማይደርስበት ክፍል ውስጥ ይገጠም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ የምትገኝ መሆኗም ይታሰብ። የብዙ ኤሌክትሪክ ዕቃዎች መደበኛ የአሠራር ወሰን 2,000 ሜትር ነው። አየሩ ሲሳሳ ሙቀት የማስወገድ አቅሙ ይቀንሳል፤ ስለዚህ አስመጪው ሲያዝ ከፍታውን ለአምራቹ ቢጽፍለት አይጎዳም።

ለነጋዴውና ለደላላው

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ በብር ሲተመን እጅግ ከብዷል። በዚህ ወቅት ነጋዴው ርካሹን ማምጣቱ፣ ገዢውም ርካሹን መምረጡ አያስወቅሰውም። አንድ አስመጪም «ገዢው የሚጠይቀው ዋጋ ብቻ ነው፤ እኔ ዴሲቤል ቆጥሬ ማን ይገዛኛል?» ቢል መልስ የማይገባው ጥያቄ አይደለም።

መልሳችን ይህ ነው። ባዘር ለብቻው የሚሸጥ ነጋዴ የሚያተርፈው ከአንድ ባዘር ነው። መጠየቅ የሚያውቅ ነጋዴ ግን ሆርን፣ ባለ ሦስት ቀለም የመብራት ምሰሶ፣ የ24 ቮልት ፓወር ሳፕላይ፣ ባትሪና ሪሌይ አንድ ላይ አድርጎ ይሸጣል። ገዢው የሚከፍለው ይጨምራል፤ የሚያገኘው ግን ሥራ የሚሠራ ነገር ነው። ተመልሶም የሚመጣው እዚያው ነው። ደላላውም ቢሆን «ሁሉም አንድ ነው፣ ይህ በቅናሽ ነው» ብሎ ከሚያገኘው የአንድ ቀን ኮሚሽን ይልቅ «ሰዎችህ ከፓነሉ ስንት ሜትር ይርቃሉ?» ብሎ የሚያገኘው እምነት ዘላቂ ነው። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከስንት ርቀት እንደተለካ የማይናገር ዕቃ ሲመጣ አስመጪው አምራቹን በጽሑፍ ይጠይቅ። መልስ የማይሰጥ አምራች ካለ ዕቃው ራሱ መልስ ሰጥቷል።

ገዢው ደግሞ ከእንግዲህ በፕሮፎርማ መጠየቂያው ላይ «ባዘር፣ 1 ፍሬ» ከማለት ይልቅ የሚከተሉትን ስድስት ነገሮች ይጻፍ።

1. ቮልቱ ስንት ነው? ዲሲ ነው ኤሲ?
2. ድምፁ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል ነው?
3. የድምፁ ኸርዝ ስንት ነው? ድምፁ ይቆራረጣል ወይስ ወጥ ነው? ለመለወጥስ ይቻላል?
4. አይፒው ስንት ነው? ለዱቄትና ለጋዝ ቦታ ከሆነስ ማረጋገጫ አለው?
5. ያለማቋረጥ ምን ያህል ጊዜ ሊጮህ ይችላል?
6. ዋስትናው ስንት ነው? መለዋወጫውስ አገር ውስጥ ይገኛል?

ከግዢው በፊት በፋብሪካው ውስጥ ያለውን ጩኸት ማሽኖቹ ሁሉ እየሠሩ መለካት ያስፈልጋል። ለመጀመሪያ ግምት በእጅ ስልክ የሚሠራ መለኪያም ቢሆን ከምንም ይሻላል፤ ለውሳኔ ግን ትክክለኛ መለኪያ ይከራዩ ወይም ባለሙያ ይጥሩ። ከተገጠመ በኋላ ርክክብ የሚፈጸመው ፓነሉ አጠገብ ቆሞ አይደለም። ማሽኖቹ ሁሉ ተነስተው፣ የጆሮ መከላከያ ተደርጎ፣ ከፓነሉ እጅግ በራቀው የሥራ ቦታ ላይ ቆሞ ነው። እዚያ የቆመው ሠራተኛ «ሰማሁ» ካላለ ክፍያው አይፈጸም። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አንድ ቀን በተወሰነ ሰዓት ይሞከር፤ በመዝገብም ይፈረም።

የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩትም ሆነ የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪዎች በዚህ ረገድ የሚሠሩት ሥራ አለ። ቢያንስ ዴሲቤሉ ከምን ርቀት እንደተለካ ያልተጻፈበት ዕቃ ለማስጠንቀቂያ ተብሎ እንዳይሸጥ ማድረግ ብዙ ወጪ አያስወጣም። ሆኖም ባለሀብቱ ደንብ እስኪወጣ ድረስ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። ንብረቱ የእሱ ነው፤ በንብረቱ ላይ የሚሠራውም ሰው በእሱ አደራ ሥር ነው። በዕቃ ዝርዝሩ ግርጌ ላይ ያለችውን መስመር አንድ ጊዜ ቆም ብሎ ቢያነባትና ስድስቱን ጥያቄዎች ቢጽፍባት የሚያወጣው ተጨማሪ ገንዘብ ማሽኑን ከገዛበት ገንዘብ ጋር ሲተያይ የቡና ዋጋ ነው። ውሻው ጅቡ ከመምጣቱ በፊት ይጩህ።